ያረጀ የቆዳ ቦርሳ ማደስ፦ ከጽዳት እስከ ቀለም

ያረጀ የቆዳ ቦርሳ ሲታደስ ቀለም መቀባቱ የመጨረሻውና አጭሩ ሥራ ነው። ተቀብቶ ከወር በኋላ የሚላጠው፣ እጥፋቱ ላይ የሚሰነጠቀው ወይም ነጭ ልብስ የሚያበላሸው ቦርሳ ችግሩ ብዙ ጊዜ ከቀለሙ አይደለም፤ ከሥሩ ያለው ሰም፣ ቅባትና አሮጌ ልባስ ሳይነሳ ስለተቀባ ነው። ስለዚህ እዚህ ሰፊውን ቦታ የያዘው ቡሩሽ ከመነሳቱ በፊት ያለው ሥራ ነው።

ዋናው ምሳሌያችን እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ እስከ 1990ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የተሠሩ፣ ገበር የሌላቸው፣ ወፍራም የላም ቆዳ ቦርሳዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1941 ኒው ዮርክ ውስጥ የተመሠረተው ኮች የተባለ ቦርሳ ሠሪ ኩባንያ በዚህ አሠራር ይታወቃል፤ የቤዝቦል ጓንት የሚያስታውስ ቆዳ፣ ከናስ የተሠራ መቆለፊያና ዘለበት፣ ያልተሸፈነ ውስጥ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ንድፍ ታወጣለት የነበረችው ቦኒ ካሺን ያመጣችው የሚዞር መቆለፊያ ዛሬም መለያው ነው። እነዚህ ቦርሳዎች ለጀማሪ ይመቻሉ። ቆዳቸው ወፍራም ስለሆነ ስህተት ይችላል፣ ገበር ስለሌላቸው ከሁለቱም በኩል ይደርቃሉ፣ ናስ ደግሞ እንደ ብረት አይዝግም። አገር ቤት የሚገኘው የበግ ቆዳ ቦርሳ ጠባዩ ሌላ ነው። የኢትዮጵያ የደጋ በግ ቆዳ ስስና ልስልስ ሆኖ ጠንካራ በመሆኑ የዓለም ጓንት ሠሪዎች ይፈልጉታል፤ ነገር ግን ውሃውም አሴቶኑም (አሮጌውን ልባስ የምናነሳበት ፈሳሽ) ቶሎ ዘልቆ ይገባዋል። ለበግ ቆዳ ከታች የተጻፈውን ፍተጋ ሁሉ እጅዎን አቅልለው ያድርጉት፤ ውሃ ውስጥ መንከሩን ደግሞ ጨርሶ ይተዉት።

መጀመሪያ ቆዳውን ይወቁ

ላዩ እንደ ስስ ላስቲክ እየተላጠ ከሥሩ ጨርቅ የሚታይ ከሆነ ቆዳ አይደለም፤ በፖሊዩሬቴን የተለበጠ ጨርቅ ነው። ይህ ዕቃ ከውስጥ እየፈረሰ ስለሆነ የሚላጠው፣ ላዩን ቢቀቡት ቀለሙ ከቅርፊቱ ጋር ይወርዳል። ገንዘብዎንም ጊዜዎንም አያጥፉበት። ሲዳሰስ ቀይ ቡናማ ዱቄት እጅ ላይ የሚተው ቆዳ ደግሞ በእፅዋት የለፋ ሆኖ በአሲድ የተበላ ነው። እንዲህ ያለው ውሃ ሲነካው ይጠቁራል፣ ይደርቃል፣ ይሰበራል። መጀመሪያ በአልኮል በሚሟሟ ማጠንከሪያ መያዝ ስላለበት ለባለሙያ ይተዉት።

የቀረውን አንድ ጠብታ ውሃ ይለየዋል። ከክዳኑ ሥር ወይም ከታች በማይታይ ቦታ አንድ ጠብታ ያሳርፉና አንድ ደቂቃ ይጠብቁ። ከጠጣውና ቦታው ከጠቆረ ቆዳው ክፍት ነው፤ ላዩ ላይ መከላከያ የለውም ወይም አልቋል። ውሃው ድቡልቡል ብሎ ከቆመ በቀለምና በልባስ የተሸፈነ ነው። ቀጥሎ ነጭ ጥጥ ላይ ጥቂት አልኮል አድርገው እዚያው ሥውር ቦታ ይንኩት። ቀለም ወደ ጥጡ ከመጣ፣ በጽዳት ጊዜም እንደሚመጣ አውቀው ይጀምሩ።

አንድ ነገር ከወዲሁ ልብ ይበሉ። ብዙ ቦርሳ ቀለም የሚያስፈልገው የሚመስለው ደርቆና ቆሽሾ ስለሆነ ብቻ ነው። ካጸዱትና የቆዳ ማለስለሻ ከቀቡት በኋላ ሁለት ቀን አቆይተው እንደገና ይዩት፤ ጭረቱ ደብዝዞ መልኩ ከተመለሰ አይቅቡት። ሰብሳቢዎች የሚፈልጉት ብርቅ አሮጌ ቦርሳ ከሆነም በዕድሜ ያገኘው መልክ ዋጋው ስለሆነ፣ እንደገና መቀባት ዋጋውን ይቀንሰዋል።

ጽዳት

ቦርሳውን ባዶ ያድርጉ፣ ኪሶቹን ገልብጠው ያራግፉ፤ በለስላሳ የጫማ ቡሩሽ ስፌቱን ተከትለው አቧራውን ያውጡ። አቧራ ሳይወጣ ውሃ ከነካው ጭቃ ሆኖ በስፌቱ ቀዳዳ ይገባል።

የለፋ ቆዳ በተፈጥሮው ወደ አሲድነት ያዘነብላል። ስለዚህ የልብስ ሳሙና፣ ቤኪንግ ሶዳ፣ አሞንያ ያለበት የመስታወት ማጽጃ ሁሉም ያደርቁታል። ለኮርቻ ተብሎ የሚሸጠው ሳሙና እንኳ አልካላይ ስለሆነ ለቀጭን ቦርሳ አይመከርም። ለቆዳ ተብሎ የተሠራ ገለልተኛ ማጽጃ ከሌለ፣ በአንድ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ሦስት አራት ጠብታ ለስላሳ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ይበቃል። ስፖንጁን ነክረው አጥብቀው ይጭመቁ፤ አረፋው ነው የሚሠራው እንጂ ውሃው አይደለም። አንድን ገጽ ከስፌት እስከ ስፌት በአንድ ጊዜ ይጨርሱ። መሃል ላይ ካቆሙ እርጥቡና ደረቁ የተገናኙበት ላይ መስመር ይቀራል፤ ያ መስመር በኋላ ከቀለሙ ሥር ይታያል።

ገበር የሌለው፣ ወፍራም፣ አንድ ቀለም ብቻ ያለው ቦርሳ በጣም ከቆሸሸና ከሸተተ ውሃ ውስጥ መንከር ይቻላል። ውሃው ከ30 ዲግሪ አይብለጥ፤ እርጥብ ቆዳ በሙቀት ይኮማተራል፣ የተኮማተረም አይመለስም። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ አቆይተው፣ ሁለት ጊዜ በንጹሕ ውሃ አለቅልቀው፣ ሳይጠመዝዙ በፎጣ ያድርቁት። ቀይና ጥቁር ቦርሳ ውሃውን ያቀልማል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። ውስጡን በነጭ ፎጣ ሞልተው ቅርጹን አስይዘው፣ ጥላ ውስጥ ነፋስ በሚነካው ቦታ ከሁለት እስከ አምስት ቀን ያቆዩት። ጋዜጣ አይጠቀሙ፤ ማተሚያ ቀለሙ ይለቃል። ፀሐይ ላይ ወይም ምድጃ አጠገብ ማስጣት ደግሞ ቆዳውን እንደ ቋንጣ ያደርገዋል። ሁለት ቀለም ያለው፣ ውስጡ ካርቶን ያለው፣ ወይም የተሰነጠቀ ቦርሳ ግን አይነከርም።

የቅባት ነጠብጣብ ላይ ታልክ ፓውደር ወይም የበቆሎ ስታርች ነስንሰው አሳድረው ይጥረጉት፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ይደጋግሙት። የእስክሪብቶ ቀለም ክፉ ነው። አልኮል ሲነካው ይሟሟና ይሰፋል፤ ስለዚህ በጥጥ ጫፍ ከውጭ ወደ መሃል ብቻ እየነኩ ይምጠጡት። ካልወጣ በጠቆረ ቀለም መሸፈን እንጂ መፋቅ አያዋጣም። ክረምት ያሻገተውን ቦርሳ ወደ ደጅ ያውጡ፣ አፍና አፍንጫዎን ይሸፍኑ፣ ሻጋታውን በደረቅ ቡሩሽ ካራገፉ በኋላ በ70 ከመቶ አልኮል በረጠበ ጨርቅ ይጥረጉት። ቡሩሹን ለሌላ ሥራ አይመልሱት።

ናሱ ላይ ከቆዳው ጋር የሚገናኝበት ቦታ የሚጋገረው አረንጓዴ ሰም የሚመስል ነገር፣ በቆዳው ውስጥ ያለው ስብ ከናሱ መዳብ ጋር ተዋሕዶ የፈጠረው ነው። በጥርስ እንጨት ፍቀው ያስወግዱት፤ ከዚያ ዙሪያውን ቆዳ በፕላስተር ሸፍነው በናስ ማጽጃ ይወልውሉ። ማግኔት የሚይዘው ከሆነ ናስ ሳይሆን የተለበጠ ብረት ነው፤ አጥብቀው ከወለወሉት ልባጩ ይሄዳል።

የድሮውን ልባስ ማንሳት

ሰዎች በብዛት የሚዘሉት ይህን ነው። ቀለም የሚይዘው የተከፈተ ቆዳ ላይ ብቻ ነው።

ንጹሕ አሴቶን ያስፈልጋል፤ ለጥፍር ቀለም የሚሸጠው ብዙው ዘይትና ሽታ የተጨመረበት ስለሆነ ንጥረ ነገሩን ያንብቡ። በር ይክፈቱ። አሴቶን እንፋሎቱ ራሱ ስለሚቀጣጠል፣ የቡና ከሰል፣ የዕጣን ማጨሻ፣ የጋዝ ምድጃ፣ ሲጋራ ከቤቱ ይውጡ። ቀጭኑን ጓንት ቶሎ ስለሚበላው ቶሎ ቶሎ ይቀይሩት። ፕላስቲክ ዕቃና የተቀባ ጠረጴዛ ላይ አይሥሩ።

ነጭ የጥጥ ጨርቅ ላይ ጥቂት አድርገው፣ በአንድ አቅጣጫ፣ ሳይጫኑ ይጥረጉ። ጨርቁ ሲቀልም ወደ ንጹሑ ክፍል ያዙሩት፤ በቆሸሸ ጨርቅ መጥረግ የተነሳውን ልባስ መልሶ መቀባት ነው። አሴቶን ቆዳው ላይ አያፍስሱ። ስፌቱ አጠገብና ጠርዙ ላይ እጅዎን ያቅልሉ፤ ከሥሩ ያለውን ማስቲሽ ይፈታዋል። መጨረስዎን የሚያውቁት አንጸባራቂነቱ ጠፍቶ ቆዳው ደብዘዝ ሲል፣ ጠብታ ውሃም ሲጠጣ ነው። ውሃው እዚህ ጋ ገብቶ እዚያ ጋ የሚቆም ከሆነ ገና ነው፤ በዚህ መልኩ ዳይ (ቆዳው ውስጥ የሚሰርግ ቀለም) ቢቀቡበት ነብር ይሆናል። በግ ቆዳ ላይ በአሴቶን ፋንታ አልኮል ይበቃል።

ቦርሳው ቀደም ሲል በሊስትሮ ሰም፣ በቫዝሊን ወይም በዘይት የታሸ ከሆነ ሥራው ይረዝማል። የጫማ ቀለም ሰምና ቀለም የተደባለቀበት ነው፤ ላዩ ላይ ይቀመጣል እንጂ ቆዳውን አያቀልምም፣ በላዩ የተቀባውንም አክሪሊክ (ላዩን የሚሸፍን የቆዳ ቀለም) አያስይዝም። ቅቤና የምግብ ዘይት ጊዜ ሲያልፍ ይበላሻሉ፣ ያጠቁራሉ፣ ይሸታሉ። እንዲህ ካለው ቦርሳ ልባሱን አንድ ጊዜ ካነሱ በኋላ አንድ ቀን አሳድረው እንደገና ይጥረጉት፤ ከውስጥ የነበረው ቅባት ወደ ላይ ይመጣልና።

ጥገና

የተፈታ ስፌት በድሮዎቹ ቀዳዳዎች ብቻ ይመለስ። አዲስ ቀዳዳ ቆዳውን እንደ ቴምብር ወረቀት ቀዶ ያስቀራል። ከ0.6 እስከ 0.8 ሚሊሜትር ሰም የነካው ፖሊስተር ክር፣ ሁለት ደንዘዝ ያሉ መርፌዎች፣ በአንዱ ቀዳዳ ከሁለቱም በኩል እያሻገሩ መስፋት፤ መጨረሻ ላይ ሁለት ሦስት ስፌት ወደ ኋላ ተመልሶ መቁረጥ። ይህ ሁሉ ለጫማ ሰሪዎች ዕቃ በሚሸጡ ሱቆች ይገኛል።

የተላጡ ማዕዘኖች ላይ ፀጉር የመሰለውን ጭራ በመቀስ ይቁረጡ፣ በ600 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በቀስታ ያልስሱ። ጎድጓዳውን በሚተጣጠፍ የቆዳ መሙያ፣ በጣም ስስ አድርገው፣ ሦስት አራት ጊዜ ይሙሉት፤ በየመካከሉ ይድረቅ። መጨረሻ በ800 ወይም 1000 ቁጥር ያልስሱ። በአንድ ጊዜ የተሞላ ጉድጓድ ላዩ ደርቆ ውስጡ ለስላሳ ስለሚቀር ይሰምጣል። ቆዳው እስከ ቀዳዳ ካለቀ ከውስጥ በኩል ቀጭን ቆዳ በማስቲሽ ለጥፈው ነው መሙያው የሚመጣው። ክዳኑ የሚታጠፍበት መስመርና እጀታ ላይ ግን መሙያ አይጠቀሙ፤ በየቀኑ ሲታጠፍ ይፈናቀላል። በላብና በእጅ ክሬም የተበላ እጀታ አዲስ ማሠራት ይሻላል።

ውስጡ የሚጣበቅ ሰው ሠራሽ ገበር ያለው ቦርሳም አይታጠብም፤ ያ ማጣበቅ የገበሩ መፍረስ ስለሆነ በጨርቅ ያስቀይሩት።

ዳይ ወይስ አክሪሊክ

ዳይ ቆዳው ውስጥ ይሰርጋል፤ ግልጽ ስለሆነ ከሥሩ ያለውን አይሸፍንም። ስለዚህ በዳይ ማጥቆር እንጂ ማንጣት አይቻልም፤ ቡናማውን ጥቁር ያደርጉታል፣ ጥቁሩን ግን ቡናማ አያደርጉትም። ክፍት፣ ጤነኛ፣ ጥገና ያልበዛበት ቆዳ ካለዎት ዳይ የተሻለ ነው፤ የቆዳው ቀዳዳና መስመር እንዳለ ይታያል። የቆዳ አክሪሊክ ላዩ ላይ የሚቀመጥ ቀለም ነው። መሙያ ያለበትን፣ እድፍ ያለበትን፣ ከጥቁር ወደ ቀላል የሚቀየረውን ቦርሳ የሚያድነው እሱ ነው። የግድግዳ ወይም የሥዕል አክሪሊክ አይተካውም፤ ሲታጠፍ ይሰበራል። ሱዌድን (ላዩ ጭራ ያለውን ሸካራ ቆዳ) በአክሪሊክ መቀባት ደግሞ ጭራውን አጣብቆ ካርቶን ማድረግ ነው።

በማለስለሻው ቅደም ተከተል ሁለቱ ይለያያሉ። ለዳይ፣ ቆዳው በጣም ከደረቀ ቀለሙን እንደ መሬት ስንጥቅ በየቦታው ይጠጣዋል፤ ስለዚህ ከመቀባቱ ከ24 ሰዓት በፊት በጣም ስስ የቆዳ ማለስለሻ ይቀቡት። ለአክሪሊክ ተቃራኒው ነው፤ ማለስለሻው የሚመጣው ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው።

ቀለም ማዛመድ ትዕግሥት ይጠይቃል። መካከለኛ ቦርሳ ለሁሉም ድርብ ከ60 እስከ 80 ሚሊሊትር አክሪሊክ ይፈጃል። መሃል ላይ ካለቀ ያንኑ ቀለም ደግሞ ማግኘት ስለሚከብድ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ያዘጋጁ፤ ስንት ጠብታ ከምኑ እንደጨመሩ ይጻፉ። ቡናማው ከቀላ አንድ ጠብታ አረንጓዴ፣ ቢጫ ካመዘነበት ጥቂት ሐምራዊ፣ አረንጓዴ ከመሰለ ቀይ ይመልሰዋል። ለማጥቆር ጥቁር ከማብዛት ጠቆር ያለ ቡናማ ወይም ሰማያዊ ይሻላል፤ ጥቁር ቀለሙን ጭቃ ያደርገዋል። አክሪሊክ ሲደርቅ ይጠቁራል፤ ስለዚህ ከታች በኩል ትንሽ ቀብተው፣ አድርቀው፣ መስኮት አጠገብ በቀን ብርሃን ያመሳክሩ። በአምፖል ብርሃን የተዛመደ ቀለም ደጅ ሲወጣ ሌላ ነው።

አቀባብ

ዳዩን በማቅጠኛው ወይም በአልኮል እኩል ለእኩል አቅጥነው፣ በሱፍ ወይም በስፖንጅ፣ በክብ በክብ እያዞሩ ይቀቡ። ሁለት ሦስት ስስ ድርብ ከአንድ ወፍራም ይበልጣል። ጥቁር ለማድረግ መጀመሪያ ጠቆር ያለ ሰማያዊ መቀባት፣ ጥቁሩ ወደ ቡናማ እንዳያደላ የሚረዳ የቆዳ ሠሪዎች ዘዴ ነው። ከ24 ሰዓት በኋላ በደረቅ ጨርቅ ጨርቁ ንጹሕ እስኪወጣ ይወልውሉ። ላዩ ላይ የመዳብ ወይም የአረንጓዴ ብልጭታ ካዩ ቆዳው ያልጠጣው ትርፍ ቀለም ነው፤ መወልወል እንጂ መጨመር አይፈውሰውም።

አክሪሊኩን ለመጀመሪያው ድርብ ሦስት እጅ ቀለም በአንድ እጅ ውሃ ያቅጥኑ። ስፖንጁን ጠቅ ጠቅ እያደረጉ ሳይሆን ከስፌት እስከ ስፌት በስሱ እየሳቡ ይቀቡ፤ የመጀመሪያው ድርብ ቀለሙ ያልያዘ መስሎ ቢታይ አይደንግጡ። በየመካከሉ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይድረቅ፤ በክረምት እርጥበት እጥፉን ይጠብቁ። ከሦስት እስከ አምስት ድርብ ይበቃል። ክዳኑ የሚታጠፍበትን ቦታ ዘርግተው ብቻ አይቀቡ፤ በየድርቡ መካከል በቀስታ ያጣጥፉት፣ አለበለዚያ ዘርግተው የቀቡት ልባስ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ውስጥ ያለውን ማኅተምና ቁጥር አይንኩት።

ጠርዞቹን በ400 ቁጥር አልስሰው በጠርዝ ቀለም፣ በጥርስ እንጨት ጫፍ እየጎተቱ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ይቀቡ። ሁሉ ነገር አዲስ ሆኖ ጠርዙ የተበላ ከቀረ ቦርሳው አሮጌ ይመስላል።

በላዩ የሚመጣው መከላከያ ልባስ ነው፤ አንጸባራቂውን ሳይሆን ፈዘዝ ያለውን ይምረጡ። ወፍራም ከሆነ በውሃ እኩል አቅጥነው ሁለት ስስ ድርብ ይቀቡ። እርጥበት ባለበት ቀን ወይም ገና ባልደረቀ ቀለም ላይ ከተቀባ ነጭ ጉም ይይዛል። ከወፈረ ቆዳው ላስቲክ ይመስላል፣ እጥፋቱም ይሰነጠቃል። ከቀናት በኋላ የሚጣበቅ ከሆነ ወይ ድርቡ ወፍራም ነበር፣ ወይ ከሥሩ ቅባት ቀርቷል። እንደ ቅጠል በሙሉ ከተላጠ ግን ሰሙ አልተነሳም፤ ወደ አሴቶኑ ከመመለስ ሌላ መድኃኒት የለውም።

ቦርሳው ቢያንስ ሰባት ቀን ሳይያዝ፣ ሳይደራረብና ላስቲክ ከረጢት ውስጥ ሳይገባ ይቀመጥ። በስምንተኛው ቀን ነጭ የጥጥ ጨርቅ በውሃ አርጥበው ከክዳኑ፣ ከጀርባውና ከማንጠልጠያው ላይ ሃያ ጊዜ ያህል ይሹ፤ ከጀርባው በኩል በተለይ አጥብቀው፣ ከልብስ ጋር የሚፋተገው እሱ ነውና። ጨርቁ ከቀለመ አንድ ስስ ልባስ ጨምረው ሌላ ሳምንት ይጠብቁ። ንጹሕ ከወጣ በነጠላ ላይ ቢይዙትም አያሰጋም።